ሣጥኑ ከመገዛቱ በፊት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የትራንስፖርት ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ቫናችን ነው፤ በተለይም ስለ ሞተሩ ኮምፒውተር። ለምን ተቀየረ? ከመቀየሩ በፊት ምን ተመረመረ? ነገ ደግሞ የራሷ ሚኒባስ ወይም የባለቤቷ መኪና ያላት አባል ያው ነገር ቢገጥማት ምን ማድረግ አለባት? ነገሩ የመካኒክ ወሬ ይመስላል። እኛ ግን የገንዘብ ወሬ ነው እንላለን። የኮምፒውተር ዋጋ የሚወጣው ከመጠባበቂያ ገንዘባችን ነው። አባል ስትታመም፣ ስትወልድ፣ ቤቷ ሐዘን ሲገባ የምንደርስላትም ከዚያው ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የሚል ቃል በተሰማ ቁጥር ካዝናችን ይንኳኳል ማለት ነው።

ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው፦ ኮምፒውተር የሚገዛው መበላሸቱ ሲረጋገጥ እንጂ ሲጠረጠር አይደለም። ማረጋገጥ ደግሞ ይቻላል። የግድ መካኒክ መሆንም አይጠይቅም፤ ምን መጠየቅ እንዳለባት የምታውቅ ሴት ይበቃል።

ኮምፒውተሩ ምንድን ነው?

ቫናችን ናፍጣ የሚጠቀም ቶዮታ ሃይኤስ ነው፤ ሞተሩም 2ኬዲ የሚባለው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ነው። ሃይኤስ በዓለም ላይ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን የእኛ ዓይነቱ ቅርጽ የወጣው በ2004 ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ የናፍጣ ሃይኤሶች፣ ለምሳሌ 3ኤል ሞተር ያላቸው፣ ናፍጣውን የሚረጩት ከሞተሩ ጋር በሚዞር ፖምፓ ነበር። ያ ፖምፓ ብረት ለብረት የሚሠራ ስለሆነ የሚያዘው ኮምፒውተር አያስፈልገውም። ዛሬም ድረስ «የድሮው ይሻላል፣ በመዶሻ ይጠገናል» የሚሉ ሾፌሮችን የምንሰማው ለዚህ ነው።

በእኛ ሞተር ላይ ፖምፓው ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ አንድ የጋራ ቧንቧ ይሞላል። ከዚያ ቧንቧ ናፍጣው ወደ አራት ኢንጀክተሮች ይሄዳል። የትኛው ኢንጀክተር መቼ እንደሚከፈትና በሰከንድ ሺኛ ክፍልፋይ ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደሚቆይ የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። ይህ አሠራር በንግድ ተሽከርካሪ ላይ መጀመሪያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓኑ የሂኖ የጭነት መኪና ላይ ነው። ናፍጣ ይቆጥባል፣ ጭሱም ያነሰ ነው። በምላሹ ግን ያለ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ጨርሶ አይነሳም።

በራሳችን ሥራ እናስረዳው። ትልቅ ድግስ ላይ አንዲት ዋና ወጥ ሠሪ ትኖራለች። ልጆች እየሮጡ ይመጡና «እሳቱ ቀነሰ»፣ «ውኃው ፈላ»፣ «እንግዳ ደረሰ» ይሏታል። እሷ ሰምታ «እንጨት ጨምሩ»፣ «ቅመሙን አምጡ» ብላ ታዛለች። ወጥ ሠሪዋ ኮምፒውተሩ ናት። ወሬ አመላላሾቹ ሴንሰሮች የሚባሉት ናቸው፤ የሞተሩን ሙቀት፣ የናፍጣውን ግፊት፣ የክራንኩን አዟዟር፣ የነዳጅ ፔዳሉን አረጋገጥ ይነግሯታል። አሁን አንድ ልጅ የውሸት ወሬ ቢያመጣ ወጡ ይበላሻል። እንጨት የምታመጣዋ ብትቀርም ይበላሻል። በሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የወጥ ሠሪዋ አይደለም። ድግሱ ተበላሸ ብሎ እሷን ማባረር ነገሩን አያስተካክለውም። የመኪና ኮምፒውተርም ላይ በየጊዜው የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ሌላው ያጠፋል፣ እሱ ይቀየራል።

ኮምፒውተር የሚያስመስሉ ብልሽቶች

መኪና አልነሳም ሲል፣ መንገድ ላይ ሲጠፋ ወይም ጉልበት ሲያንሰው፣ «ኮምፒውተሩ ነው» ከመባሉ በፊት መታየት ያለባቸውን ነገሮች ከቀላሉና ከርካሹ ጀምረን እንዘርዝር።

አንደኛው ባትሪና የባትሪ ገመድ ነው። ጤነኛ ባትሪ አርፎ ሲለካ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ቮልት ብዙ ዝቅ ካለ ኮምፒውተሩ በትክክል ላይሠራ ይችላል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መስጠት አለበት። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሻሲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ ከዛገ፣ መሄድ ያለበት ኤሌክትሪክ መንገድ ያጣና መኪናው ያበደ ይመስላል።

ሁለተኛው ፊውዝና ሪሌይ ነው። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ሪሌይ ከሞተ ኮምፒውተሩም የሞተ ይመስላል። ቁልፉ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሎ፣ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ቀርቶ ወይም ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በመለካት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ናፍጣው ነው። በጀሪካን የመጣ ውኃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ በቧንቧ የሚገባ አየር ሞተርን ያጠፋሉ። በ2ኬዲ ሞተር ላይ ደግሞ በፖምፓው ላይ ያለው የናፍጣ መጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ በተደጋጋሚ የሚታወቅ ችግር ነው። እሱ ሲያረጅ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይጠፋል። ዋጋው ከኮምፒውተር ጋር አይወዳደርም።

አራተኛው ሽቦ ነው። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ወልድያና አካባቢዋ በገባባቸው ወራት ስንት መኪና ሳይንቀሳቀስ እንደቆመ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ብዙ ጊዜ የቆመ መኪና ውስጥ አይጥ ይገባል፤ አይጥ ደግሞ ሽቦ ይበላል። የተላጠ ሽቦ ዓመት ቆይቶም ቢሆን በዝናብ ቀን ይናገራል።

አምስተኛው ሴንሰር ነው። ኮምፒውተሩ ለብዙ ሴንሰሮች 5 ቮልት ያካፍላል። ከእነሱ አንዱ ውስጡ ከተቃጠለ ወይም ሽቦው ከብረት ከተነካካ 5 ቮልቱን በሙሉ ይጎትተዋል። ያኔ ሁሉም ሴንሰሮች አብረው ዝም ይላሉ፤ ኮምፒውተሩም የሞተ ይመስላል። ሴንሰሮቹን ተራ በተራ ከሶኬታቸው እየነቀሉ መለካት ጥፋተኛውን ያጋልጣል።

ስድስተኛው ሁለተኛው ሣጥን ነው። በ2ኬዲ ላይ ኢንጀክተሮቹን ለመክፈት ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ፣ ኢዲዩ የሚባል ሌላ ሣጥን አለ። ኮምፒውተሩ ያዛል፣ ኢዲዩው ይፈጽማል። ኢዲዩው ሲሞት ኮምፒውተሩ ተወቅሶ የሚነቀልበት ጊዜ ስላለ፣ ሁለቱ ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው።

እነዚህ ስድስቱ ሁሉ ታይተው ንጹሕ ከሆኑ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ ተራው የሚደርሰው። የእኛ አባቶችና እናቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። ያልተበላሸ ኮምፒውተር መቀየርም እንደዚያው ነው።

የእኛ ቫን እንዴት ተመረመረ?

ቫናችን ከመርሳና ከሐብሩ ቀበሌዎች ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያና ሽንኩርት ጭኖ ወደ ወልድያ ይወጣል። መንገዱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። መርሳ ቆላማ ናት፣ ወልድያ ደግሞ ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ በቀትር ሙቀት ከእነ ጭነቱ ዳገት ይሠራል። ችግሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ስሪንቃን አለፍ ሲል ሞተሩ ድንገት ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ጠዋት በብርድ ሲሞከር ደህና ነው። የበሰለ ማንጎና ፓፓያ ጭናችሁ ፀሐይ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ገዢ የሚቀበለው የነበረው ፍሬ በማግስቱ በግማሽ ዋጋም አይሸጥም።

መጀመሪያ ያየው ጋራዥ ኮፋኖም ሆነ ሶኬት ሳይከፍት «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» አለ። ኮሚቴው «ምን ለክታችሁ አገኛችሁት?» ብሎ ጠየቀና መልሱ በወረቀት እንዲሰጠው አመለከተ። በወረቀት የሚጻፍ መልስ አልነበረም። ስለዚህ ቫኑ ወደ ሌላ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሄደ። ከኮሚቴው ሁለት አባላት ደብተር ይዘው አብረውት ቆሙ፤ የተለካውን ቁጥር ሁሉ ጻፉ።

ባትሪው ደህና ነበር፣ ዲናሞውም ደህና ነበር። ከባትሪው ወደ ሻሲው የሚሄደው ገመድ ግን ጫፉ ዝጓል። ተፋቀ፣ ጸዳ፣ በአዲስ ብሎን ታሰረ። የመኪናው አነሳስ ተሻሻለ፣ በዳገቱ ላይ መጥፋቱ ግን አልቀረም። የናፍጣ ፊልትሮው ተቀየረ፤ በፖምፓው ላይ ያለው ቫልቭ ተፈተሸ፤ ችግር አልተገኘበትም። ኢዲዩውም ተፈትሾ ደህና ሆነ።

ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑ መኪናው በሚጠፋበት ሰዓት መለካት እንዳለበት ወሰነ። ደህና በሆነ ሰዓት ቢለካ ሁሉም ደህና ነው የሚለው። በቀትር ተነሥተው ዳገቱን ወጡ። መኪናው ጠፋ። እዚያው ቴስተሩን አወጣ። ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው 12 ቮልት አለ፤ ኔጋቲቩም ደህና ነው። ከኮምፒውተሩ ወደ ሴንሰሮቹ መውጣት ያለበት 5 ቮልት ግን የለም። መመርመሪያ መሣሪያውም ከኮምፒውተሩ ጋር መነጋገር አቃተው። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። ሁሉም ተነቅለው እንኳ 5 ቮልቱ አልተመለሰም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ወጥ ሠሪዋ የሚያስፈልጋት ሁሉ ቀርቦላታል፤ የሚያስቸግሯት ልጆችም ከአጠገቧ ተነሥተዋል። እሷ ግን አልተናገረችም። ጥፋቱ ከሣጥኑ ውስጥ ነው ማለት ነው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የመጣው ደግሞ መርሳ ላይ የሴቶች የውበት ሳሎን ካላት አባላችን ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ተነሣ። ከዚያ በእሷ የፀጉር ማድረቂያ ኮምፒውተሩ ብቻ ቀስ ተብሎ እንዲሞቅ ተደረገ። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ጠፋ። ሣጥኑ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ተነሣ። ደግመው ሞከሩት፤ ያው ሆነ። በሰሌዳው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ዕቃዎች ወይም የተበየዱበት ቦታ ሲያረጅ፣ በቅዝቃዜ ተገናኝቶ በሙቀት የሚለያይ ብልሽት ይፈጠራል። ያን ቀን ኮሚቴው «አሁን ሣጥኑን እንግዛ» ብሎ ፈረመ። ከዚያ በፊት አንድ ብር አልወጣም።

ሣጥኑ እንዴት ተገዛ?

ሦስት መንገድ ነበር፦ አዲስ ማዘዝ፣ ያገለገለ መግዛት ወይም ያለውን ማስጠገን።

አዲሱ ውድ ነው፤ ተራ መጠበቅም አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደጨመረ ከዘይቱም ከሳሙናውም ታውቁታላችሁ። መለዋወጫም ከዚያ አልተለየም። «ታዲያ መኪናውን ሸጠን ሌላ አንገዛም ወይ?» ያላችሁም ነበራችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዓይነታቸውና እንደ ዕድሜያቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ወጣ እንጂ አልወረደም። ያለንን ጠብቀን ማቆየት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ጥገናው ደግሞ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ያበጠ ካፓሲተር ወይም የለቀቀ ብየዳ ከሆነ፣ ሰሌዳ የሚያውቅ ባለሙያ ያስተካክለዋል። የእኛ ሣጥን ሲከፈት ግን ሰሌዳው በርጥበት ተበልቷል። ስለዚህ ያገለገለ ለመግዛት ተወሰነ።

ያገለገለ ሣጥን ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥሩ ነው። በእያንዳንዱ የቶዮታ ኮምፒውተር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ለሞተር ኮምፒውተር ቁጥሩ በ89661 ይጀምራል፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ደግሞ የየትኛው መኪና እንደሆነ ይለያል። መልኩና ሶኬቱ አንድ ሆኖ ቁጥሩ የሚለያይ ሣጥን ብዙ ነው። ማርሹ በእጅ የሚቀየርና አውቶማቲክ የሆነ፣ ቁልፉ ቺፕ ያለውና የሌለው፣ ሣጥኑ ይለያያል። «ይሠራል፣ ያው ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ።

ሁለተኛው ቁልፉ ነው። ቁልፉ ቺፕ ያለው መኪና ከሆነ፣ ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒውተር የእናንተን ቁልፍ አያውቀውም፤ እንደ ሌባ ይቆጥረውና ሞተሩን አያስነሳም። መፍትሔው በአሮጌው ሣጥን ማስታወሻ ውስጥ ያለውን መረጃ ወደሚገባው ሣጥን መገልበጥ ነው። ስለዚህ አሮጌው ሣጥን በፍጹም አይጣልም፣ ለሻጭም በልዋጭ አይሰጥም። ሁለት አባሎቻችን አሮጌውን ሣጥን በፎጣ ጠቅልለው አዲስ አበባ ድረስ ይዘው የሄዱት ለዚህ ነው። ያገለገለ መለዋወጫ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ ቁጥሩ አንድ የሆነውን ፈልገው አገኙ፤ መረጃውንም እዚያው በባለሙያ አስገለበጡ።

ሦስተኛው ደረሰኝ ነው። ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ኮምፒውተር ከቆመ መኪና ላይ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል። ከዚያም በላይ የሌላዋ ሴት መኪና በር ላይ የቆመው በእኛ ምክንያት እንዲሆን አንፈልግም። አባሎቻችን የሻጩ ስም፣ የሣጥኑ ቁጥርና ቀኑ የተጻፈበት ደረሰኝ ይዘው ነው የመጡት።

አራተኛው ውሉ ነው። ሙሉ ዋጋው በአንዴ አልተከፈለም። ቀብድ ተሰጠ፤ ሣጥኑ በእኛ መኪና ላይ ተገጥሞ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ካልሠራ እንደሚመለስ በወረቀት ተጻፈ። «ኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» የሚል ሻጭ ብዙ ነው። ያ ሰው ዕቃውን ራሱ አያምነውም ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

አገጣጠሙና ሙከራው

ሣጥኑ ከመገጠሙ በፊት የባትሪው ገመድ ተፈታ። የሶኬቱ ቀጫጭን እግሮች በእጅ አልተነኩም። ሶኬቱ ውስጥ ዝገት አለመኖሩ ታየ፤ ምክንያቱም አሮጌውን የገደለው ርጥበት በሽቦው በኩል ገብቶ ከሆነ አዲሱንም ይገድለዋል። የዘመኑ ኢንጀክተሮች በላያቸው ላይ የተጻፈ ኮድ አላቸው፤ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዳቸውን ጠባይ የሚያውቀው በዚያ ነው። የእኛ ኢንጀክተሮች ኮድ በአዲሱ ሣጥን ውስጥ ትክክል መሆኑ በመመርመሪያ መሣሪያ ተረጋገጠ።

ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ገንዘቡ ግን ያን ቀን አልተከፈለም። ግቢ ውስጥ መነሣት ማስረጃ አይሆንም፤ አሮጌውም ግቢ ውስጥ ይነሣ ነበር። ማስረጃው ያው ዳገት፣ ያው ሰዓት፣ ያው ጭነት ነው። ቫኑ ተጭኖ በቀትር ከመርሳ ወልድያ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አልጠፋም። ቀሪው ሂሳብ የተከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌው ሣጥን ቁጥሩ ተጽፎበት በጽሕፈት ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ ማየት የምትፈልግ አባል ትጠይቅ።

እንዳይደገም

የሞተር ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም፤ የሚገድለው ሰው ነው። ለሾፌራችንና መኪና ላላችሁ ሁሉ እነዚህን አደራ እንላለን።

መኪናው ላይ ብየዳ ሲሠራ የባትሪው ገመድ ይፈታ። መቀመጫ ወይም የዕቃ መጫኛ ሲበየድ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በሻሲው በኩል ሄዶ ሣጥኑን ሊያቃጥል ይችላል።

ቫኑ ሲታጠብ ውስጡ በባልዲ ውኃ አይደፋበት። በብዙ ቫኖች ኮምፒውተሩ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወይም ከመቀመጫ አካባቢ ነው። ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠረግ ይበቃዋል።

ከሌላ መኪና ባትሪ ሲበደር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሁለቴ ይታይ። ተገልብጦ አንዴ ከታሰረ ጉዳቱ በቅጽበት ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ መፍታትም የተከለከለ ይሁን።

የባትሪው ጫፍና የኔጋቲቭ ገመዱ በየወሩ ይታይ። አንድ ቴስተር ማኅበሩ ይግዛ፤ የ12.6ና የ14 ቮልት ትርጉም ለሁሉም የኮሚቴ አባላት ይማርላቸው። አሠራሩ የስልክ ባትሪ ከማየት አይከብድም።

ለደጋፊዎቻችን

ለደጋፊዎቻችን የምንለው አንድ ቃል አለን። መኪና መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ የሰጣችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ነገር ግን በየአገሩ የተለገሱ መኪናዎች በሣር ተውጠው ቆመው እናያለን። አብዛኛዎቹ ሞተራቸው አልቆ አይደለም። የሆነ ሣጥን፣ የሆነ ፖምፓ ተበላሽቶ፣ መጠገኛ የሚሆን ገንዘብ በበጀት ውስጥ ስላልነበረ ነው። ስጦታው መኪናውን ይዞ ጥገናውን ሲረሳ፣ ለተቀባዮቹ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ወደፊት ስታግዙን ከአዲስ ዕቃ ይልቅ ለጥገና መጠባበቂያ ብታግዙን እንመርጣለን። ፎቶ ላይ አያምርም፤ መንገድ ላይ ግን ፍሬው ከመበስበሱ በፊት ወልድያ ይደርሳል። የወጣውን እያንዳንዱን ብር ከነደረሰኙና ከነልኬቱ እናሳያችኋለን።

ለውሳኔ የቀረበ

አባላት ሆይ፣ ኮሚቴው ዛሬ አራት ነገር እንድታጸድቁለት ይጠይቃል።

አንድ፣ ከባትሪ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ምን እንደተለካና ምን እንደተገኘ በጽሑፍ ይቅረብ።

ሁለት፣ ምርመራው የሚደረገው ሁለት የኮሚቴ አባላት ባሉበት ይሁን። ከእነሱም አንዷ ከዚህ በፊት በኮሚቴው ያልሠራች አባል ትሁን፤ ዕውቀቱ በሁለት ሰው ብቻ እንዳይቀር።

ሦስት፣ ለቫኑ የጥገና ደብተር ይከፈት። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተቀየረው ዕቃ ከነቁጥሩ፣ የሠራው ሰውና የተከፈለው ይጻፍበት።

አራት፣ ከእያንዳንዱ የጭነት ገቢ ላይ ጉባኤው የሚወስነው ድርሻ ለጥገና ብቻ በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ። የበሽታና የሐዘን ገንዘባችን ከመኪና ብልሽት ጋር አይቀላቀል።

እንዲህ ብለን እንጨርስ። ጋራዥ ስንሄድ ብዙ ጊዜ የሚያናግሩት ሾፌሩን ነው፤ ሾፌር ከሌለ ደግሞ አብሮን የመጣውን ወንድ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም ቢሆን። እኛ ላይ አይቆጡም፣ አይሰድቡንም፤ በቃ አያዩንም። ደብተር ይዞ «ስንት ቮልት አገኛችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያንን ይለውጠዋል። ያ ኤሌክትሪሺያን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቁጥሩን የሚነግረው ደብተር ለያዙት ሴቶች ነበር። «አሥር ጊዜ ለክተሽ አንድ ጊዜ ቁረጪ» የሚባለው ለልብስ ሰፊ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ወደ ድምፅ አሰጣጡ እንሂድ።